ሜዳ፦ ቤት

እሑድ፣ ኦገስት 25

አሥራ አንደኛ ወቅት ልጀምር ነው። ደብተሩ አዲስ፣ ባለደብተሯ ያው።

የሸለቆው የአሜሪካ ፉትቦል ሊግ አሥራ አራት ኮሌጆች አሉት፤ እያንዳንዱ ግን አሥር ጨዋታ ብቻ ስለሚጫወት ሁሉም ከሁሉም ጋር አይገናኝም። ኖቬምበር ላይ ማን ከማን ይበልጣል የሚለውን ድሮ አሠልጣኞች ተሰብስበው ይወስኑ ነበር፤ ተሰብስበው ይጣሉ ነበር ማለት ይሻላል። አሁን የሚወስነው የኔ ቀመር ነው። ማን ማንን በስንት ነጥብ በለጠ፣ የተሸነፈው ምን ያህል ጠንካራ ነበር፣ ሜዳው የማን ነበር፤ እነዚህን ይይዝና ለእያንዳንዱ ቡድን አንድ ቁጥር ይሰጣል። የመጀመሪያዎቹ አራት ወደ ጥሎ ማለፍ ይሄዳሉ። አሥሩ ማልያቸውን አጥበው ይሰቅላሉ።

ሥራውን የሰጡኝ ከሌላው ስለምበልጥ አይደለም። የማስተምርበት ኮሌጅ የኳስ ቡድኑን ካፈረሰ ሃያ ዓመት አልፎታል፤ ቡድን የሌላት ሴት ለማን ታዳላለች ብለው ነው። ከዚያ ታናሽ ወንድሜ ላይል ሃቨርካምፕ የቶርንበሪ ኮሌጅ አሠልጣኝ ሆነ። ይኸው አምስት ዓመቱ። እኔም ደንብ አወጣሁ፦ ከኦገስት መጨረሻ ጀምሮ የመጨረሻው ዝርዝር እስኪወጣ ከላይል ጋር አላወራም። ስልኩን አላነሳም፣ መልእክቱን አልሰማም። ደንቡ ሁለት ዓመት ሆነው። የክፍላችን ጸሐፊ ትዋይላ አምና "ይሄ ደንብ ነው ኩርፊያ?" ብላኝ ነበር። ደንብ ነው።

አባባ ባደግንባት ከተማ በካልደር ፎርድ፣ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ሜዳ ዳር ሠላሳ አንድ ዓመት ሰንሰለት ያዘ፤ ቡድን ኳሱን ላለመነጠቅ መግፋት ያለበትን አሥር ያርድ የሚለኩበትን። ሳምንቱን እህል ጎተራ ይሠራል፣ ዓርብ ዓርብ ሰንሰለት ይይዛል። ከተማው ሁሉ የሚተዋወቅ ነውና "አንተ ሰውዬ፣ ትንሽ ሳብ አድርገው ለልጆቻችን" ሲሉት መልሱ አንድ ነበር፦ "ሰንሰለት ዘመድ የለውም።" እኔም ቁጥር ዘመድ የለውም እላለሁ። ጡረታ ሲወጣ ሰንሰለቱን ሸለሙት፣ ጋራዥ ውስጥ ሰቀለው። ኋላ የአባባ ቤት ሲሸጥ ሰንሰለቱም አብሮ ሄደ። የሸጠው ላይል ነው። ስለዚህ ነገር አልጽፍም።

ረቡዕ፣ ኦገስት 28

ትዋይላ በሩን ዘግታ ገባች። በር ከዘጋች ወሬ አለ።

"ወንድምሽን ዘንድሮ አራቱ ውስጥ ካልገባህ በቃህ ብለውታል አሉ።"

"ማን አለ?"

"እህቴ ናታ፣ ቶርንበሪ ምግብ አዳራሽ የምትሠራው። የሚስቱ ወንድም ቴክሳስ ሥራ ይዞለት እየጠበቀው ነው። ጠቅልለው ነው የሚሄዱት።"

"ምን አገባኝ" አልኳት።

"እሱማ ምን አገባሽ" ብላ ሄደች።

ቶርንበሪ ከዚህ አርባ ደቂቃ ነው። ቴክሳስ፣ ያውም እነሱ የሚሉት ከተማ፣ በመኪና አሥራ ሦስት ሰዓት ያስኬዳል። እንዲሁ አየሁት እንጂ።

እሑድ፣ ሴፕቴምበር 8

የመጀመሪያው ሳምንት አለቀ። ሰባት ጨዋታ ሞላሁ። ቶርንበሪ አሸነፈ።

ዝርዝሩ በየእሑዱ ምሽት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ይወጣል። ከዝርዝሩ ጋር ግምቱ አለ፦ ቀመሩ ቀሪውን ወቅት አሥር ሺህ ጊዜ ያጫውትና እያንዳንዱ ቡድን ስንት ጊዜ አራቱ ውስጥ እንደገባ ይቆጥራል። ዊትሎ 61 ከመቶ። ቶርንበሪ 38።

ዕጣ የሚያወጣው የቀመሩ ክፍል ደህና መሥራቱን ለማየት ደግሜ አስኬድኩት። 37 ሆነ። እንደገና፣ 38። ሰባት ጊዜ አስኬድኩት። ደህና ይሠራል።

እሑድ፣ ሴፕቴምበር 15

ቶርንበሪ 44 ከመቶ።

ሬዲዮ ላይ ሚርል ኦስትራንደር። የዊትሎ ምሩቅ ነው፣ የዊትሎን ኮፍያ ሳያደርግ የታየበት ቀን የለም፣ አርባ ዓመት የኳስ ጨዋታ በሬዲዮ አስተላልፏል፣ እኔን አሥሩን ዓመት ሲሰድበኝ ኖሯል። ዛሬ፦ "ፕሮፌሰሯ ኳስ ነክተው አያውቁም። እስቲ ክብ ትሁን ሹል ጠይቁልኝ።"

ሹል ናት። ሠላሳ አንድ ዓመት ሜዳ ዳር የቆመ ሰው ልጅ ነኝ። ግን ደውዬ አልነገርኩትም።

እሑድ፣ ሴፕቴምበር 22

ጥድፊያ። ዛሬ የአዲስ ተማሪዎች ወላጆች ቀን ነው፣ አሥር ሰዓት ላይ ንግግር አለብኝ፣ ቀሚሱ አልተተኮሰም።

ወንዙ ሞልቶ የሜርፊልድ ኮሌጅ ሜዳ ውሃ ተኝቶበታል። ከቶርንበሪ ጋር የነበራቸውን ጨዋታ ትናንት ካልደር ፎርድ አዛወሩት። እኛው ሜዳ ላይ። ሄጄ አላየሁም። ቤቱ ከተሸጠ ወዲህ እግሬ እዚያ ከተማ አልረገጠም።

ሜዳ ስለተቀየረ በእጅ መሞላት አለበት። ቶርንበሪ 20፣ ሜርፊልድ 7። ሜዳ፦ ቤት። ገባ።

41 ከመቶ። ዝርዝሩ በሰዓቱ ወጣ።

አንድ ሰዓት ላይ ስልክ ጮኸ፣ ላይል። አላነሳሁም። መልእክት ተወ። አልሰማሁም።

ሰኞ፣ ሴፕቴምበር 23

ሸቀጥ መደብር ሰልፍ ላይ ነበርኩ፣ ከኋላዬ ሁለት ሰዎች።

"ነጥብ ማስቆጠሪያው መስመር አራት ያርድ ቀርቶት! ሁለት ደቂቃ እያለው! ልጁን ኳሷን ይዘህ ተንበርከክ አለው።"

"አንዴ?"

"ሦስቴ ተንበረከከ እንጂ። ሰዓቱ እስኪያልቅ። ሃያ ሰባት ለሰባት ይሆን ነበር። እህትየው ነጥብ እንደምትቆጥር እያወቀ።"

"ምናልባት እህትየው ሌላ ቦታ ትሞላለት ይሆናላ።"

ሳቁ። የወተቴን ከፍዬ ወጣሁ። ጀርባዬ አቃጠለኝ።

አዎ፣ እቆጥራለሁ። በሃያ አንድ ነጥብ እስክትበልጥ ድረስ እያንዳንዷ ነጥብ ትቆጠራለች፤ ከዚያ በላይ ሲሆን ቀመሩ ዓይኑን ይጨፍናል፣ ደካማውን እንዳይረጋግጡት ብዬ እኔው ነኝ ያደረግሁት። ላይል ሰባት ነጥብ መሬት ላይ ጣለ። ሥራው አፋፍ ላይ ሆኖ! ከልጅነቱ እንዲህ ነው፤ ነገር ሲጠፋው ቆሞ ያያል፣ ከዚያ እኔ እቃጠላለሁ። ቀኑን ሙሉ ተናድጄ ዋልኩ።

ማታ ትዋይላ ደወለች። የሜርፊልድ ልጆች ሳምንቱን በሙሉ ለጎርፉ አሸዋ በጆንያ ሲሞሉ ከርመው ነው አሉ የመጡት። እጃቸው ተልጦ ኳስ መያዝ አቅቷቸው ነበር።

ይህን ቀመሩ አያውቅም። እኔም ቅድም አላውቅም ነበር።

እሑድ፣ ሴፕቴምበር 29

ቶርንበሪ ተሸነፈ። 23 ከመቶ። አምስቴ አስኬድኩት። 23።

ራቴን ትቼ ተኛሁ።

ማክሰኞ፣ ኦክቶበር 8

በሩ ሥር ወረቀት። በትልልቁ ፊደል፦ "ለወንድምዎ ሥራ ከተቸገሩ ይንገሩን፣ እኛም እናዋጣለን።"

ትዋይላ ልትቀደው ስትል ቀማኋት። "ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም" አለችኝ። ደብተሬ ውስጥ ከትቼዋለሁ።

ሰው እንዲህ ከጠረጠረ፣ ሳላውቀው አድልቼ እንደሆነስ? ከሰዓት ክፍል ሰርዤ የቶርንበሪን ጨዋታዎች በሙሉ መረመርኩ። የተጋነነ ነጥብ አለ? የለም። ተጋጣሚዎቹን አላግባብ ጠንካራ አድርጌ ይሆን? አላደረግሁም። ለላይል ያደላ አንድም ቦታ አጣሁ። ደግሜ አየሁት። ለመጀመሪያ ጊዜ በሁለት ሳምንት ውስጥ በደንብ ተነፈስኩ።

ቅዳሜ፣ ኦክቶበር 12

ዛሬ የግብርና ዕቃ መደብር፣ የወፍ መኖ ልገዛ ገብቼ። ከመደርደሪያው ጫፍ ላይል። ጧት ነው፣ ጨዋታው ከሰዓት ነው፣ ለሜዳው መስመር ኖራ ሊገዛ መጥቷል። ከስቷል። ጢሙን ሳይላጭ ጨዋታ ቀን መውጣት አያውቅም ነበር።

"ኮሪን" አለኝ። "መልእክቴ ደረሰሽ?"

እኔ እጄን አነሳሁ፣ ትራፊክ እንደሚያቆም ፖሊስ። "ኖቬምበር" አልኩት።

"ገባኝ" አለ። "ሰምተሽ ከወሰንሽ ውሳኔሽ ነው። ዳኛዋ አንቺ ነሽ።" የኖራውን ከረጢት ተሸክሞ ሄደ።

ምን እንደወሰንኩ አላውቅም። ስለ ቤቱ ይሆናል። የቤቱን ነገር መቼም አንዴ ካነሳ አያበቃም። ሁልጊዜ እታለም ነበር የሚለኝ፣ አሁን ኮሪን።

የወፍ መኖውን ረስቼ መጣሁ።

እሑድ፣ ኦክቶበር 20

ቶርንበሪ በተከታታይ ሦስተኛውን አሸነፈ። 35 ከመቶ።

ሚርል በሬዲዮ፦ "የሃቨርካምፕ ቤተሰብ ሊግ እንኳን ደህና መጣችሁ።" እንግዲህ ስድቡን ለመድኩት ብዬ ነበር። አልለመድኩትም።

እሑድ፣ ኖቬምበር 3

አንድ ጨዋታ ቀረ። ዊትሎ አራተኛ፣ ቶርንበሪ አምስተኛ፣ በመካከላቸው ፀጉር። 49 ከመቶ።

ስንቴ እንዳስኬድኩት አልጽፍም።

ቅዳሜ፣ ኖቬምበር 9

ሁለቱም አሸነፉ። ሞላሁት። ዊትሎ 8.42። ቶርንበሪ 8.31።

አምስተኛ።

አለቀ። ነገ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ይወጣል፣ ላይል ዕቃውን ይጭናል። ማንም አዳላች አይለኝም። ሚርል ራሱ ያመሰግነኝ ይሆናል። ሊቀለኝ ሲገባ አልቀለለኝም።

ያን ቀን ባይንበረከክ ኖሮ። ያቺ ሰባት ነጥብ። የገዛ ጥፋቱ ነው፣ እኔ ምን ላድርግ። የገዛ ጥፋቱ ነው ብዬ ሦስቴ ጻፍኩና ሁለቱን ሰረዝኩ።

እሑድ፣ ኖቬምበር 10፣ ጧት

ቀስ ብዬ ልጻፈው።

የመጨረሻው ዝርዝር ከመውጣቱ በፊት በየዓመቱ የማደርገው ቆጠራ አለ። ነጥብ አይደለም፣ ሜዳ ነው። ሁሉም ኮሌጅ አምስት ጊዜ በሜዳው፣ አምስት ጊዜ በእንግድነት ይጫወታል። ዘንድሮ ሜርፊልድ በጎርፉ ምክንያት አንዱን ስላጣ አራት ቤት፣ አምስት እንግዳ፣ አንድ ገለልተኛ መሆን አለበት። ቶርንበሪም አምስት ቤት፣ አራት እንግዳ፣ አንድ ገለልተኛ።

ቆጠርኩ። ቶርንበሪ ስድስት ቤት።

ስድስት ቤት ያለው ኮሌጅ የለም። በጣቴ እያንዳንዱን መስመር ይዤ ወረድኩ። ሴፕቴምበር 21፣ ካልደር ፎርድ። ሜዳ፦ ቤት።

ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። ወንበሩ እያለ።

በእጄ ነው የጻፍኩት። ማሽኑ አይደለም፣ ሌላ ሰው አይደለም። ካልደር ፎርድ ለቶርንበሪም ለሜርፊልድም ቤት አይደለም፤ አንዱ በሰሜን አንዱ በምሥራቅ፣ ሁለቱም እንግዳ ናቸው። ለማን ነው ቤት? እኔ ነኝ ካልደር ፎርድ የሚለውን አይቼ ቤት ብዬ የጻፍኩት። ቀሚሴን ልተኩስ እየተጣደፍኩ፣ ሳላስብ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች፤ እኔ ሰባት ሳምንት አፍስሼ ይኸው ዛሬ ልለቅም ነው።

ቤት ሲባል ቀመሩ መጀመሪያ የተጻፈውን ቡድን፣ ቶርንበሪን፣ ባለሜዳ ያደርጋል። በገዛ ሜዳው የሚጫወት ሦስት ነጥብ ይቀነስበታል፣ ሜዳው ስለሚረዳው። ስለዚህ ላይል ሜርፊልድን በአሥራ ሦስት በልጦ ሳለ ቀመሩ አሥር ብሎ ያዘለት። መንበርከኩ አይደለም የጣለው። እኔ ነኝ።

ኦክቶበር ላይ ያን ወረቀት ይዤ የመረመርኩ ጊዜ ይቺን መስመር ሁለቴ አልፌያታለሁ። ለላይል ያደላሁበትን ነበር የምፈልገው። የበደልኩበትን አልፈለግሁም። እህቱ ሆኜ።

አስተካክዬ አስኬድኩት። ቶርንበሪ 8.58፣ ዊትሎ 8.40። ከዚያ ቶሎ መለስኩትና ወደ ግድግዳ አየሁ።

አሁን ማን ያምነኛል? ዝርዝሩ ሊወጣ ጥቂት ሰዓታት ሲቀሩ፣ እህት ስህተት አገኘች፣ ስህተቱም ወንድሟን አስገባ። እኔም ብሰማው አላምንም። ዝም ብል ደግሞ ሁሉም ንጹሕ ናት ይለኛል። በደልን ንጽሕና ብለው ይሸልሙኛል። ዝም ልበል እያልኩ አንድ ሰዓት ያህል ተቀመጥኩ። ይህን ደብተር ሌላ ሰው አያየውም፣ ስለዚህ ልጻፈው፦ አንድ ሰዓት ሙሉ።

ከዚያ አባባ ትዝ አለኝ። በሰንሰለቱ ዳር ሆኖ አይለካም። ክርክር ከተነሳ ሰንሰለቱ ጫፍና ጫፍ ላይ ያሉትን ሁለት እንጨቶች ይዘው መሀል ሜዳ ይገባሉ፣ የሁለቱም ቡድን አምበሎች አጠገቡ ይቆማሉ፣ ሰው ሁሉ እያየ ይወጠራል። ዘመድ የሌለው እንዲህ ስለሚለካ ነው እንጂ ብረቱ ምን ያውቃል።

መሀል ሜዳ የሚቆምልኝ ሰው ያስፈልገኛል፣ ያውም የዊትሎ ሰው። ሚርል ኦስትራንደር ጋ ደወልኩ።

ያው ቀን፣ ከሰዓት

መጣ። ኮፍያው አናቱ ላይ፣ ከቤተ ክርስቲያን በቀጥታ፣ ክራባቱን እየፈታ።

"ፕሮፌሰር፣ ሊከሱኝ ነው የጠሩኝ?"

"ሊያዩልኝ ነው" አልኩትና ሰባውንም ጨዋታ የያዘውን ወረቀት ሰጠሁት። የት እንደሆነ አልነገርኩትም። "ሜዳውን ብቻ ይቁጠሩ። የሊጉ መርሐ ግብር ያውልዎት።"

መነጽሩን አደረገ። አርባ ደቂቃ ፈጀበት። ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ በእርሳስ እየነካ ቆጠረ። ትዋይላ እሑድ መሆኑን ረስታ ሻይ ይዛ መጣች፤ እንዴት እንደሰማች እግዜር ይወቅ። ከዚያ እርሳሱ ቆመ።

"ይሄ ምንድን ነው?"

"ምኑ?"

"ካልደር ፎርድ። እኔ እኮ እዚያ ነበርኩ። ጃንጥላ ሥር ቆሜ ነው ያስተላለፍኩት። ያ የቶርንበሪ ሜዳ ነው እንዴ?"

"አይደለም።"

"የሜርፊልድስ?"

"አይደለም።"

"ታዲያ ቤት ብሎ ነገር የማን ቤት ነው?"

"የኔ" አልኩት። "የኔ ቤት ነበር።"

መነጽሩን አውልቆ አየኝ። ትዋይላ ሻዩን አስቀመጠችና ወደ መስኮቱ ዞረች። ሚርል ብዙ ሰው ያናገረ ሽማግሌ ነው፤ ሌላ አልጠየቀኝም።

"ገለልተኛ ነው መሆን ያለበት" አለ ቀስ ብሎ።

"ያስተካክሉት። እኔ እጄን አላስገባም።"

በአንድ ጣት፣ ፊደሉን እየፈለገ፣ ገለልተኛ ብሎ ጻፈ። የትኛውን እንደሚጫን አሳየሁት። ቁጥሩ ተገለበጠ። ቶርንበሪ አራተኛ፣ ዊትሎ አምስተኛ። ሚርል ኮፍያውን አወለቀ፣ ጭንቅላቱ ራሰ በራ መሆኑን ዛሬ ገና አየሁ።

"ወይ ጣጣ" አለ። "ዊትሎን በገዛ ጣቴ አወጣሁት።"

"እኔ ነኝ ያጠፋሁት። እርስዎ ያረሙት።"

"ዝም ቢሉ ማንም አያውቅም ነበር እኮ። እኔ ራሴ ነገ ጧት በሬዲዮ አመሰግንዎት ነበር።"

"አውቃለሁ። ፈልጌም ነበር።"

"ወንድምዎ ያውቃል?"

"ከኦገስት ጀምሮ አናወራም።"

"የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች የሚሉት እርስዎን ነው" አለ ሚርል። ወረቀቱ ላይ ስሙን ፈረመ፣ ሰዓቱንም ጻፈበት። ለሊጉ ኃላፊ ለአቶ ኤልስዎርዝ የደወለውም እሱ ነው፤ እኔ አጠገቡ ሆኜ ሰማሁ። "እኔ ቆጠርኩት። አዎ፣ እኔ። አዎ፣ ኮፍያዬን አድርጌ። ሴትዮዋ ሰንሰለቱን መሀል ሜዳ አመጡት፣ እኔ ቆሜ አየሁ፣ ልኩ ልክ ነው።" ስለ አባባ ሰንሰለት አንዲት ቃል አልነገርኩትም ነበር። የኳስ ሰው ሁሉ እንዲህ ነው የሚናገረው።

ያው ቀን፣ ምሽት

አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ወጣ። ከእነ ስህተቱ፣ ከእነ እርማቱ፣ ከእነ ስሜ። አራተኛ፦ ቶርንበሪ።

ደንቡም አለቀ። ደወልኩለት። ገና አንዴ ሳይጮህ አነሳው።

"አይተኸዋል?"

"አይቼዋለሁ።" ድምፁ ሻክሯል። ከኋላው ልጆቹ ይጮሃሉ፣ ሰው ጠረጴዛ ይመታል። "ቆይ፣ ወደ ውጭ ልውጣ።" በር ተዘጋ፣ ጸጥ አለ። "ታዲያ መልእክቴን ሰማሽው ማለት ነው፣ በመጨረሻ?"

"የቱን መልእክት?"

"የሴፕቴምበሩን ነዋ። ኮሪን፣ ሰባት ሳምንት ሙሉ ሰምተሽ ሆን ብለሽ የተውሽው መስሎኝ ነው የከረምኩት። የዕቃ መደብሩ ጊዜ እጅሽን ስታነሺብኝ፣ በቃ፣ ፈርዳብኛለች አልኩ። ስለ ቤቱ ቂም ይዛለች አልኩ።"

"አልሰማሁትም፣ ላይል። አንዱንም አልሰማሁትም።"

"ደንብ።"

"ደንብ።"

ከዚያ መሳቅ ጀመረ፣ እስኪያስለው ድረስ። "አንቺ ሴትዮ አንድ ቀን ትገድይኛለሽ" አለኝ። "ስሚው እንግዲህ። ስትሰሚው ደውዪልኝ፣ እስከ ስንትም ቢሆን አልተኛም።" ዘጋው።

ስልኬ ላይ እስከ ዛሬ አለ፣ ቀይ ነጥቡ ሳይጠፋ። ወንበር ላይ ተቀመጥኩ፣ ዘንድሮ ወለሉ በቃኝ። ተጫንኩት። ከእነ መንተባተቡ እንዳለ ልገልብጠው፦

"እታለም፣ እኔ ነኝ። እንደማታነሺ አውቃለሁ። ስሚ፣ ዝርዝሩን አሁን አየሁት፣ የትናንቱን ቤት ብለሽ ሞልተሽዋል። ካልደር ፎርድ ነው እኮ የተጫወትነው። ቤትማ ቤት ነው፣ እኔም ልጆቹን ከአውቶቡስ ሳወርድ ቤት ደረስን ብያቸው ሳቁብኝ። ግን ለሊጉ ገለልተኛ ነው፣ አስተካክዪው። ስለ መንበርከኩ አልለምንሽም፣ እሱን አውቄ ነው የከፈልኩት፣ ልጆቹ እጃቸው ደምቶ ነበር። ሌላ ደግሞ... የአባባ ሰንሰለት። ለቤቱ ገዢ የሰጠሁት መስሎሻል አይደል? ለትምህርት ቤቱ ነው የመለስኩት፤ ልነግርሽ ስል ተጣላን። ትናንት ሜዳ ላይ አወጡት። ሁለቴ ለኩበት። አንዴ ለኛ ነበር፣ አንድ እጅ ጎደለን፣ ኳሱን ተቀማን። ለኛ! ዳር ቆሜ ብቻዬን ሳቅሁ፣ ሰው አበደ አለኝ። አንቺ ብትኖሪ ብዬ... በቃ። ገና እዚሁ ነኝ፣ ልጆቹን ሸኝቼ ሌሊቱን እዚሁ አደርኩ፣ አሁን ሜዳው ዳር ነኝ። ቤት ነኝ፣ እታለም። ስትሰሚው ደውዪ።"

ሦስቴ ሰማሁት። ደግሞ ለማጣራት አይደለም።

ቅዳሜ የጥሎ ማለፉ መጀመሪያ ነው። ቶርንበሪ አራተኛ ስለሆነ አንደኛው ዘንድ ይሄዳል። ሜዳ፦ እንግዳ። ቀመሩ ለላይል 22 ከመቶ ይሰጠዋል፤ አንዴ ብቻ ነው ያስኬድኩት። ትኬት ይዤልሻለሁ ብሎኛል፣ ለሁለተኛ ጊዜ ስደውልለት። ከላይል ጋር ነው የምሄደው፤ በመንገዳችን ላይ ካልደር ፎርድ አለ፣ እንቆማለን።